ፕሪንተሩ «ቁም» ሲል የምትሰማ ቦክስ

ፒያሳ ያለው መጋዘናችን ውስጥ አንድ ጠንካራ የድሮ ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር አለ። የዕቃ ማውጫ በካርቦን ሦስት ኮፒ ያትማል። ሌዘር ይህን አይችልልንም። ሰርቨሩ ያለው ግን ሜክሲኮ፣ ዋናው ቢሮ ነው። ሁለቱን የምታገናኘው ሲሪያልን (ዳታ ቢት በቢት ተከታትሎ የሚሄድበትን የድሮ የፕሪንተር መስመር) ወደ ኔትወርክ የምትቀይር፣ መዳፍ የማትሞላ ቦክስ ናት። ታዋቂ ብራንድ አይደለችም። እኔ ግን በጣም ወድጃታለሁ።

ከእሷ በፊት የነበረችው አስመርራናለች። ዝርዝሩ ሲረዝም መሀል ላይ መስመር ይዘላል። የንብረት ክፍሏ እህታችን «ኧረ ወንድሜ፣ ዘይቱ ወረቀቱ ላይ የለም፤ ምን ብዬ ላውጣ?» ብላ ትደውላለች። ሾፌሩ በር ላይ ቆሟል። ሰው ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሪንተሩ ሜሞሪው ሊሞላ ሲል በራሱ የዳታ መላኪያ ሽቦ 19 ቁጥርን ይልካል፤ «ቁም» ማለት ነው። ሲቀለው 17ን ይልካል፤ «ቀጥል»። ኤክስኦን/ኤክስኦፍ የሚባለው ይኸው ነው። ድሮ በቴሌታይፕ (በሽቦ መልእክት በሚለዋወጠው የጽሕፈት ማሽን) ጊዜ የወረቀት ቴፕ ማንበቢያውን ያስነሱና ያቆሙ የነበሩትም እነዚሁ ሁለት ኮዶች ናቸው። የእኛ ኬብል ሦስት ሽቦ ብቻ ስላለው (መላኪያ፣ መቀበያና ግራውንድ)፣ ለ«ቁም» የተለየ ሽቦ የለም፤ ሌላ አማራጭ የለንም።

የድሮዋ ቦክስ ታዲያ «ቁም» ሲባል ራሷ አትቆምም፤ ትእዛዙን ዝም ብላ ወደ ሜክሲኮ ታሳልፋለች። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት፣ አንድ ባይት (አንድ ፊደል) 10 ቢት ስለሚወስድ፣ በሰከንድ 960 ባይት ይወርዳል። ትእዛዙ ደርሶ ሰርቨሩ እስኪያቆም ሩብ ሰከንድ ቢፈጅ እንኳ 240 ባይት ፈስሷል። 80 ፊደል ከሚይዝ ገጽ ላይ ሦስት ሙሉ መስመር ማለት ነው! መንገድ ላይ ያለው ዳታ ሲጨመርበት ይብሳል።

አዲሷ እዚያው ፒያሳ ላይ ሰምታ እዚያው ታቆማለች። የራሷ ሜሞሪ ሲሞላ ደግሞ ቲሲፒ (ዳታን በኔትወርክ የሚያደርሰው ደንብ) ሰርቨሩን በራሱ ጊዜ ያስጠብቀዋል። አንድም ባይት አይጠፋም። አርኤፍሲ 2217ንም ታውቃለች። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም የፖርቱን ሴቲንግ በኔትወርክ ሊቀይርላት ይችላል። ይህ የ1997 ስምምነት ዛሬም ሥራ ያቀላል።

ስትገዙ ግን ፍሎው ኮንትሮሏ (ይኸው የ«ቁም»ና «ቀጥል» አሠራር) ጠፍቶ ነው የምትመጣው። ሴቲንግ ገጿ ላይ ገብታችሁ አብሩት። ፓስወርዷንም ቀይሩ።

የማልወድላት አንድ ነገር አለ። ፕሪንተሩ «ቁም» ብሎ መብራት ቢጠፋበትና እሷ ዩፒኤስ ላይ ብትሆን፣ 17 እስኪመጣላት ትጠብቃለች። የእኛ ፕሪንተር ሲነሳ ስለሚልክ ተርፈናል። የእናንተ የማይልክ ከሆነ ቦክሷን ነቅሎ መሰካት ነው። ሴቲንጓ ላይ የመልቀቂያ ቁልፍ ቢኖራት ምን ነበረበት?

ወደ ኮምፒውተር ጥሬ ባይናሪ ለሚልክ ማሽን ደግሞ ኤክስኦን/ኤክስኦፍን አታብሩ። ዳታው ውስጥ ያሉትን 17 እና 19 እንደ ትእዛዝ ትቆጥራቸዋለች። ለዚያ አርቲኤስ/ሲቲኤስ (በዳታ ውስጥ ሳይሆን በተለየ ሽቦ «ቁም»ና «ቀጥል» የሚባልበት) የሚያሠራ ባለ አምስት ሽቦ ኬብል ግዙ።