ዘመድ አይቆጠርም፦ የአማዞን አሶሲዬትስ ፕሮግራም በእኔ ዓይን

የእንጀራ ምጣዴን መጀመሪያ የሠሩት ሰዎች እንጀራ በልተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ሄሪቴጅ ግሪል ይባላል። ከኖርዌይ የመጡ አሜሪካውያን ሌፍሰ የሚሉትን የድንች ቂጣቸውን እንዲጋግሩበት የተሠራ፣ 16 ኢንች ስፋት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እዚህ ሜሪላንድ እኔ የማውቃቸው ሐበሾች ግን "ምጣዱ" ነው የሚሉት፣ ሌላ ስም የለውም። ስለ እሱ ብሎጌ ላይ ከጻፍኩ በኋላ "ከየት ልግዛ?" የሚለኝ ሰው ሲበዛ ነው አማዞን አሶሲዬትስ ውስጥ የገባሁት። ዛሬ የምገመግመው ፕሮግራሙን ነው። የምጣዱን ዋጋ አልነግራችሁም። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ፕሮግራሙ አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 1996 ነው የተጀመረው። አማዞን ላይ ለሚሸጥ ዕቃ የራሳችሁ መለያ ያለበት ሊንክ ታወጣላችሁ፣ ሰው በዚያ ገብቶ ከገዛ ኮሚሽን ይደርሳችኋል፣ በገዢው ላይ የሚጨመር ነገር የለም። በእኛ ቋንቋ ድለላ ነው። አንዷ አንባቢዬማ "ደላላ ሆንሽ እንዴ?" ብላ ጻፈችልኝ። አዎ፣ ሆንኩ። የሰፈራችን ደላላ ከሻጭም ከገዢም ይቀበላል፣ እኔ ከሻጭ ብቻ። ደግሞ እሱ ስንት እንደሚያገኝ አይናገርም። እኔ ግን እንደማገኝ መናገር ግዴታዬ ነው።

ግዴታው ሁለት ጌታ አለው። አማዞን ራሱ "የአማዞን አሶሲዬት ስለሆንኩ ከግዢዎች ገቢ አገኛለሁ" የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር አስቀምጪ ይላል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደግሞ ጥቅም ካለሽ አንባቢው በግልጽ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ተናገሪ ይላል፣ ገጹ ሥር ደብቀሽ ሳይሆን። "አፊሊዬት ሊንክ" (ኮሚሽን የሚያስገኝ ሊንክ ማለት ነው) ብሎ መተውም አይበቃም፣ ብዙ ሰው ቃሉን አያውቀውማ። እኔ ከሊንኩ በላይ እንዲህ እጽፋለሁ፦ "በዚህ ከገዛችሁ ለእኔ ኮሚሽን ይደርሰኛል፣ በእናንተ ላይ ዋጋ አይጨምርም።" መጀመሪያ ሰው ይሸሸኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ማንም አልሸሸም። እንዲያውም "እንኳን ጠቀመሽ" ያሉኝ አሉ።

አሁን ወደ ከባዱ። ከአማዞን በፊት ስሙን የማልጠራው ሌላ ድርጅት ጋ ተመዝግቤ ነበር። ደንቡን ሳላነብ "እስማማለሁ" የሚለውን ተጫንኩና ሊንኩን የቤተሰብ ዋትስአፕ ላይ ለቀቅኩት። "በእኔ በኩል ግዙ" አልኩ። አክስቶቼ ተረባርበው ገዙ። 43 ዶላር ተጠራቀመልኝ፣ ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ አንድ ቀን አጭር ኢሜይል መጣ፦ አካውንቱ ተዘግቷል፣ ገንዘቡም አይከፈልም። ተናደድኩ። ደንቡን ከፍቼ ሳነበው ግን ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ዘመድና ወዳጅ በሊንክሽ እንዲገዙ አትጠይቂ ይላል።

አማዞንም ያው ነው። ለራሳችሁ በራሳችሁ ሊንክ መግዛት አይቻልም፣ ቤተሰብና ጓደኛን መገፋፋትም አይቻልም። "እኔን ለመደገፍ ይህን ተጫኑ" ማለትም ክልክል ነው። ለፈረንጅ ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። እኛ ግን አንድ ሰው ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ደንበኛ ዘመድ ነው። እትዬ ባለፈው ደውለው፣

"ያንን ሊንክሽን ላኪልኝ እንጂ፣ ብርጭቆ ልገዛ ነው" አሉኝ።

"አይቻልም እትዬ። እርስዎ በቀጥታ ገብተው ይግዙ።"

"አንቺን ልጥቀም ብዬ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ግን ይዘጉብኛል።"

እስካሁን የኮራሁባቸው ይመስላቸዋል።

የዋጋው ነገር ደግሞ ይኸው። አማዞን ላይ ዋጋ በየሰዓቱ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ጽፋችሁ ማስቀመጥ አይፈቀድም፣ በራሱ መሣሪያ በኩል የመጣ ካልሆነ። የገዢዎችን አስተያየትና ኮከብ መገልበጥም ያው ነው። ምስልም ከእሱ ገጽ አውርዶ መለጠፍ የለም። ቀድሞ ሳይትስትራይፕ በሚባለው የአማዞን ሊንክ ማውጫ መሣሪያ የምስል ሊንክ ይገኝ ነበር፣ በ2023 መጨረሻ ግን አነሱት። እኔ አሁን በስልኬ ራሴ አነሳለሁ። ዓይኑ ያልወጣውን እንጀራዬን ሳይቀር። አንባቢ ይህን ነው የሚወደው፣ እኔም ከአማዞን ፎቶ እሻለሁ ባይ ነኝ።

ገንዘቡስ? አትጓጉ። ለወጥ ቤት ዕቃ 4.5 በመቶ ነው። ለምግብ ሸቀጥ 1 በመቶ። 20 ዶላር የጤፍ ዱቄት ብታሸጡ 20 ሳንቲም ማለት ነው። በኤፕሪል 2020 ነው የምግቡን ከ5 ወደ 1፣ እንደ ሶፋና ጠረጴዛ ያለውን የቤት ዕቃ ከ8 ወደ 3 ያወረዱት። ክፍያውም ወሩ ካለቀ ከ60 ቀን ገደማ በኋላ ነው የሚመጣው። የሚያጽናናው፣ ሰውየው ምጣዱን ትቶ ዳይፐር ቢገዛም ይቆጠርላችኋል። የእኔ የመጀመሪያ ኮሚሽን ከውሻ ምግብ ነው የመጣው። ማን እንደገዛው አላውቅም፣ ውሻው ግን ይባረክ።

የማልወደው የ24 ሰዓቱን ነገር ነው። ሰው ሊንካችሁን ከተጫነ በኋላ በአንድ ቀን ውስጥ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ካልጨመረው የእናንተ መሆኑ ያበቃል። ከጨመረው ግን እስከ 90 ቀን ይጠብቅላችኋል። የእኛ ሰው ምጣድ ሲገዛ እህቱን ይጠይቃል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገኛትን ጎረቤት ይጠይቃል፣ ደሞዝ ይጠብቃል። 24 ሰዓት ለማን ይበቃል? ስለዚህ "ለማሰብ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጡት" የሚለው ምክሬ የገባችሁ ይመስለኛል።

አዲስ ገቢዎች፣ በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ካላመጣችሁ ይዘጋል። እንደገና ማመልከት ይቻላል፣ ግን ከዜሮ። የማታውቋቸው ሰዎች የሚያነቧችሁ ከሆነ ግቡ። የሚያነባችሁ ቤተሰባችሁ ብቻ ከሆነ ትንሽ ቆዩ።

ምጣዱን ግን እመሰክርለታለሁ፣ አራት ዓመት አገልግሎኛል። ሊንኩ ከታች አለ። ከገዛችሁ ኮሚሽን ይደርሰኛል። ዘመዶቼ፣ እናንተ እባካችሁ አትንኩት።