ለጀበና የገዛሁት ባለ አንድ ምድጃ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥቅምት ላይ ገዛሁት። አሁን ሰኔ ገብቷል። ከተማ ያልነበርኩባቸውን ጥቂት ቀናት ካልቆጠርን በየቀኑ ቡና አፍልቼበታለሁ፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ሁለት ጊዜ። ቤታችን ውስጥ ቡና የማፈላው እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ መጠጣቱን እንጂ ማፍላቱን ብዙም አትወደውም። ሰው ሁሉ "የትኛው ምድጃ ይሻላል?" እያለ ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ለምን ከሰል እንደተውኩ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳ ላይ ከሰል ሳቀጣጥል ነፋሱ አመዱን አንስቶ ታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ባሰጡት ልብስ ላይ ይበትነዋል። ሁለቴ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ሦስተኛ መጠየቅ አልፈለግኩም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ብርዱን ፈርቶ መስኮት ዘግቶ ከሰል ቤት ውስጥ ማስገባት አለ፣ እሱን በጣም ነው የምፈራው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ምታት ሲጀምራችሁ "ቡና ስላልጠጣሁ ነው" ብላችሁ ታልፉታላችሁ፣ እሱ ግን ሰው ይገድላል። ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ይህን ነገር ቀላል አድርጎ ማየት አልቻልኩም።

ከዚህኛው በፊት ሌላ ምድጃ ነበረኝ፣ ያ ጥቅል ሽቦው በሸክላ ቦይ ውስጥ ተጠምጥሞ ላዩ ክፍት የሆነው፣ ርካሹ። ሐቁን ለመናገር ለጀበና ፈጣን ነው። ሽቦው ቀልቶ ሲግል ሙቀቱ እንደ ፍም ወደ ላይ ስለሚጨረር የጀበናው ቂጥ ክብ ይሁን ጠፍጣፋ ግድ የለውም። ሁለት ወር ሠራ። አንድ ጠዋት ስልክ ላነሳ ዞር ስል ቡናው ገነፈለ፣ ሽቦው ላይ ፈሰሰ፣ "ጧ!" አለና ብሬከሩ ወደቀ። ሽቦው ተቆርጦ አገኘሁት። ጫፍና ጫፉን ጠምዝዤ ቀጠልኩት፣ በሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተቆረጠ። ከሁሉም የከፋው ግን ያ ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ራቁት ሽቦ መሆኑ ነው። ማንኪያ ወይም የምጣድ ቂጥ ቢነካው ሰው ይይዛል። ልጄ እጁን ወደዚያ ሲዘረጋ ያየሁ ቀን አውጥቼ ጣልኩት።

አሁን ያለኝ ላዩ ድፍን ጥቁር ብረት የሆነ፣ ባለ አንድ፣ 1000 ዋት ነው። ክቡ ብረት 15.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። መርካቶ ነው የገዛሁት። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የኔን ብጽፈው አይጠቅማችሁም፣ ከሽቦው ምድጃ በጣም ይወደዳል፣ ላዩ መስታወት ከሆነው ደግሞ ይረክሳል። መጀመሪያ ቀን ምንም ሳትጥዱበት መስኮት ከፍታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል አግሉት። የብረቱ ቅብ ይጨሳል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ይተዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት አናዶኝ ነበር። የድሮው ጀበናችን ቂጡ ክብ ነው። ከሰል ላይ ፍሙ ዙሪያውን ያቅፈዋል፣ ድፍን ብረት ላይ ግን የሚነካው የሳንቲም ያህል ቦታ ብቻ ነው። ይንገዳገዳል። ስድስት ሲኒ የሚይዝ ጀበና ለመፍላት 25 ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ያውም አንገቱን በእጄ ደግፌ። ማቶት ከሥሩ እንዳላደርግ ደግሞ ይቃጠላል። ምድጃውን ልመልሰው አስቤ ነበር። ጥፋቱ ግን የምድጃው አልነበረም፣ ሁለቱ አልተገጣጠሙም ነበር።

ስለዚህ ጀበናውን ቀየርኩት። ቂጣቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ጀበናዎች አሉ፣ መርካቶም ሸክላ የሚሸጥበት ሌላ ቦታም ታገኛላችሁ። ግን "ጠፍጣፋ" ስለተባለ ብቻ እንዳትገዙ። እኔ ከሻጯ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አንገቱን በአንድ ጣቴ ገፋ ገፋ አደረግኩት። የመጀመሪያው ተወዛወዘ፣ ሁለተኛው በአንድ ጎኑ ብርሃን ያስገባል፣ ሦስተኛው ቁጭ አለ። ሻጯ ታግሳኛለች፣ እግዜር ይስጣት። ቤት ወስጄ አተላና ውሃ እየጨመርኩ ሦስት ጊዜ አፍልቼ አሟሸሁት። ያው ስድስት ሲኒ አሁን በ14 ደቂቃ ይፈላል። ምድጃው ያው፣ ዋቱ ያው፣ የተቀየረው የጀበናው ቂጥ ብቻ ነው። ምድጃ ስትመርጡ ሰው ሁሉ ስለ ዋት ያወራችኋል። እኔ ግን በቅድሚያ ጀበናችሁን ገልብጣችሁ እዩት ነው የምለው።

ሁለተኛው የተማርኩት ነገር ስለ ማዞሪያው ነው። ከ1 እስከ 5 ይላል። 2 ላይ ሳደርገው ዝግ ያለ እሳት የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የዚህ ዓይነት ምድጃ ከበራ ሙሉ 1000 ዋቱን ነው የሚሰጠው፣ ማዞሪያው የሚወስነው ስንት ጊዜ በርቶ ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ነው። ቀዩዋን መብራት ተከታተሏት፣ ትበራለች፣ ትጠፋለች፣ ትበራለች። ቡናው አንገቱ ላይ ደርሶ ሊገነፍል ሲል መብራቷ ጠፍታ ብታዩ እንኳ አትመኗት፣ ብረቱ ገና እንደጋለ ነው። ማዞሪያውን ዜሮ ላይ ማድረግ ብቻውን አያድንም፣ ጀበናውን ማንሳት ነው። ጀበናው ጉር ጉር ማለት ሲጀምር አጠገቡ ቆሜ አንገቱን ነው የማየው። ያቺ ቡናማ አረፋ ከአፉ ስታጮልቅ አነሳዋለሁ፣ ትወርዳለች፣ እመልሰዋለሁ፣ እንደገና ትወጣለች። ሦስቴ እንዲህ ካደረግኩ በኋላ ማቶቱ ላይ አስቀምጬ እንዲሰክን እተወዋለሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ስለዚህ ፈላ ብላችሁ ወዲያው አትቅዱ፣ ትንሽ ጊዜ ስጡት።

ብረቱ ሙቀት ይዞ መቆየቱ መጀመሪያ ላይ ያማረርኩበት ነገር ነው። ለመጋል አራት አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ለመቀዝቀዝም እንዲሁ ይጎተታል። አሁን ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። አቦል ተቀድቶ ሲጠጣ ምድጃው ጠፍቷል፣ ብረቱ ግን ትኩስ ነው። ለቶና ከፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ጨምሬ መልሼ ስጥደው አራት ደቂቃ አይሞላውም። ከበረካው በኋላ ደግሞ የተረፈው ጀበናው ውስጥ እንዳለ የጠፋው ምድጃ ላይ ቁጭ ይላል፣ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ሙቅ ቡና ያገኛል። ልክ ፍሙ አመድ ለብሶ ቀስ እያለ እንደሚሞት ከሰል ማለት ነው። የሽቦው ምድጃ ይህን አያደርግም፣ ስታጠፉት ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ጥፋት ሠርቻለሁ። ጥር ላይ ብረቱ ግሎ ሳለ አሁን የታጠበ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላሁት ጀበና ጣድኩበት። ትንሽዬ "ጭር" የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ከሥሩ ውሃ መፍሰስ ጀመረ። ያ በጣቴ እየገፋሁ የመረጥኩት ጀበና ነበር። አሁን ጀበናውን ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጥጄ ነው የማበራው፣ አብረው ይሞቃሉ። ብረቱ ቀድሞ ከጋለ ደግሞ ውሃውም ሙቅ መሆን አለበት።

መቁላት። የብረት ምጣዳችን ከምድጃው ይሰፋል፣ ስለዚህ መሃሉ ያለው ቡና ይቀድማል፣ ዳሩ ያለው ይዘገያል። እጅ ሳያርፍ ማማሰል ይፈልጋል። ሁለት እፍኝ ቡና 5 ላይ 12 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከከሰል ትንሽ ይዘገያል፣ ግን አንዱ አሮ አንዱ ጥሬ አይሆንም፣ ካማሰላችሁት እኩል ይጠቁራል። እናቴ ስትመጣ አንድ ሲኒ ቀምሳ "ልጄ፣ ቡናው ጥሩ ነው፣ ጭሱ ግን የለም" አለችኝ። ልክ ናት። ያ የከሰል ሽታ ከቡናው ሽታ ጋር ሲቀላቀል የሚሰጠው ነገር እዚህ የለም፣ የትኛውም የኤሌክትሪክ ምድጃ አይመልሰውም። እጣን ለማጨስም ፍም ያስፈልጋል። ለእሱ በክብሪት የሚቀጣጠለውን ትንሽ ክብ ከሰል ማጨሻው ላይ አደርጋለሁ፣ መጀመሪያ በረንዳ ላይ ነድዶ የራሱ ሽታ እስኪያልቅ እጠብቀዋለሁ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ምድጃው ሲመጣ ስፒናው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነበር። ሻጩ አንድ ርካሽ መቀየሪያ ጨመረልኝ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቡናውን ትቼ ሌላ ሽታ ሸተተኝ፣ ፕላስቲክ። መቀየሪያው ጎኑ ቡናማ ሆኖ ለስልሷል፣ በእጅ አይነካም። ዋቱን ለቮልቴጁ አካፍሉት፣ 1000 ለ220 ማለት 4.5 አምፔር ያህል ነው። 2000 ዋት ከገዛችሁ 9 ይጠጋል። ቀጭን ሽቦ ያለው ማከፋፈያ ላይ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ጋር አብራችሁ ሰክታችሁ ይህን ያህል አትሳቡበት። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ስፒናውን በጥሩ ስፒና አስቀየርኩ፣ የመሬት ሽቦ (ኤርዝ) ያለው ሶኬት ላይ በቀጥታ ሰካሁት፣ ከዚያ ወዲህ ሞቆ አያውቅም። ያኔ ሌላም ነገር ተፈታ። በፊት እጄ እርጥብ ሆኖ የምድጃውን አካል ስነካ ትንሽ ይነዝረኝ ነበር፣ የመሬቱ ሽቦ ሲገጠም ተወ። ምድጃችሁ የሚነዝራችሁ ከሆነ "ትንሽ ነው" ብላችሁ አትለፉት።

ማታ ማታ ለምን እንደሚዘገይ ግራ ገብቶኝ ነበር። ያው ጀበና ጠዋት 14 ደቂቃ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ 20። ሰፈሩ ሁሉ እራት ሲሠራ ቮልቴጁ ይወርዳል። ከ220 ወደ 180 ከወረደ 1000 ዋት የተባለው ምድጃ የሚሰጠው 670 አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም የሚቀንሰው ከቮልቴጁ ጋር እኩል ሳይሆን በካሬው ነው። ሰፈራችሁ ኃይል የሚወርድበት ከሆነ ባለ 1500 ዋቱን ውሰዱ እላለሁ፣ ሽቦና ሶኬታችሁን ካረጋገጣችሁ በኋላ። ፍጆታውን ደግሞ ከካርድ ቆጣሪው ላይ አይቻለሁ፣ ከመቁላት እስከ በረካ ከ0.5 እስከ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ለእኔ ከከሰል ይረክሳል፣ ከሰል በየሳምንቱ መሸከሙም ቀርቷል። መብራት ሲሄድ ግን ምድጃው ብረት ብቻ ነው። ትንሿን የከሰል ምድጃ አልጣልኳትም፣ በረንዳ ላይ አለች።

ብረቱ ይዝጋል። ቡና ፈስሶበት ሳልጠርገው ያደርኩ ዕለት ጠዋት ቀይ ክብ ሠርቶ አገኘሁት። በደረቅ ሽቦ ፈተግኩት፣ ሞቅ አድርጌ በጨርቅ ጫፍ ጥቂት ዘይት ቀባሁት፣ ለቀቀ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ አደርገዋለሁ። ውሃ ውስጥ አትንከሩት። ማዞሪያው ሚያዝያ ላይ ላላ ብሎ ነበር፣ ከሥሩ ያለችውን ብሎን አጠበቅኩና ተስተካከለ።

እህቴ ቤት ባለ መስታወቱን፣ ከሥሩ ቀልቶ የሚያበራውን ሞክሬያለሁ። ይፈጥናል፣ ክብ ቂጥ ላለው ጀበናም ከድፍኑ ይሻላል፣ ለማጽዳትም ቀላል ነው። ሸክላ ጠንከር አድርጎ ማስቀመጥ ግን ያሳቅቃል፣ ሲጠፋም ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። ኢንዳክሽን የሚባለውን ደግሞ ለጀበና ብላችሁ እንዳትገዙ። እሱ የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ነው፣ ሸክላን አያውቀውም፣ የአሉሚኒየም ሞካንም (የጣሊያኑን ቡና ማፍያ) እንዲሁ። ለሞካ ከሆነ የኔ ዓይነቱ ድፍን ምድጃ በጣም ይመቻል፣ ቂጡ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቁጭ ነው የሚለው። 3 ላይ አድርጋችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ ጠብቁት።

ሁለተኛውን ጠፍጣፋ ጀበና የካቲት ላይ ከዚያችው ሻጭ ገዛሁ። ስታየኝ ሳልጠይቃት ጠረጴዛውን በጨርቅ ጠርጋ ሦስት ደረደረችልኝ። የመሃሉ ቁጭ አለ፣ እስከ ዛሬም እሱ ላይ ነው የማፈላው።