ከ12ኛ ክፍል በኋላ፦ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወይስ የሙያ ብቃት ምዘና?

ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪ ሁለቱም መንገዶች ቅርብ ናቸው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ደሴ ነው፤ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ፣ ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ደግሞ ኮምቦልቻ። የሚለያዩት በሚለኩበት መስፈርት ነው።

ኤሌክትሪክን እንውሰድ። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ባለ 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ስንት አምፔር እንደሚስብ ሊጠይቅ ይችላል፤ 60ን ለ220 አካፍሎ 0.27 ያለ ተማሪ ነጥቡን ይዟል። የሙያ ምዘናው፣ ማለትም ሲኦሲ፣ ገመዱን ያስዘረጋዋል። ፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ በማብሪያ ማጥፊያው በኩል ማለፍ አለበት። በፌዙ ፈንታ ኒውትራሉን፣ ማለትም የመመለሻውን ሽቦ፣ ያሳለፈ ሰልጣኝ አምፖሉ ቢበራለትም ሥራው ስህተት ነው፤ መብራቱ ጠፍቶም አምፖል መያዣው ላይ ኤሌክትሪክ ስለሚቀር፣ አምፖል ሊቀይር የወጣውን ሰው ይይዘዋል።

በመግቢያ ፈተናው ማለፊያው ከጠቅላላ ውጤቱ 50 በመቶ ስለሆነ የኬሚስትሪን ድክመት ባዮሎጂ ሊክሰው ይችላል። ምዘናው ግን ማካካሻ አያውቅም፤ ውጤቱ ወይ ብቁ ነው ወይ ገና ያልበቃ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስበውን ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጥለው የ12ኛ ክፍል ትምህርት ሳይሆን ከ9ኛ ክፍል የቀረ የአልጀብራ ክፍተት ነው። ቀመሩን ያውቀዋል፣ የሚፈለገውን ግን ነጥሎ ማውጣት ያቅተዋል። የቆየ ፈተና መልስ መሸምደድ ይህን አይደፍንም።

ሙያን የመረጠ ደግሞ ከመመዝገቡ በፊት ኮሌጁን አንድ ነገር አጥብቆ ይጠይቅ፦ በትብብር ሥልጠናው ፋብሪካ ገብቶ ስንት ሳምንት፣ በየትኛው ማሽን ላይ ይሠራል?