ስማርት የውሃ ቆጣሪ በፈረቃ ለሚኖር ቤት፦ ከደብረ ብርሃን የዘጠኝ ወር ልምድ

ስድስት ሆነን በምንኖርበት የደብረ ብርሃን ቤታችን ስማርት የውሃ ቆጣሪ ያስገጠምሁት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህን የምጽፈው ከዘጠኝ ወር አገልግሎት በኋላ ነው። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ቀን ስለሚመጣ የምንኖረው 2,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ ነው። ፈረቃው አንዴ ከዘለለ ሮቶው በአራተኛው ቀን ይደርቅና ውሃ በጀሪካን እንገዛ ነበር። ይህ ሁሉ ውሃ የት እንደሚገባ ለማወቅ ስል ቆጣሪውን ገዛሁ።

መሣሪያው እንደ ተለመደው ቆጣሪ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው። ሁለት መዳሰሻዎች ድምፅ ሲለዋወጡ፣ ውሃውን ተከትሎ የሚሄደው ድምፅ ውሃውን ተቃርኖ ከሚመጣው ቀድሞ ስለሚደርስ፣ ከጊዜው ልዩነት የውሃው ፍጥነት ይሰላል። ንባቡ በየሰዓቱ በቤቱ ዋይፋይ ወደ ስልኬ ይመጣል፤ መብራት ሲጠፋ ግን ይቋረጣል።

የመጀመሪያው ወር ያለ ጥቅም አለፈ። ቧንቧ ሠራተኛው መሣሪያውን የገጠመው ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ፣ ከሮቶው በፊት ስለነበር የሚያሳየኝ ሮቶው የተሞላበትን ሌሊት እንጂ ቤተሰቡ ውሃ የተጠቀመበትን ሰዓት አልነበረም፤ ሮቶው ሲሞላም ለሰዓታት ሳያቋርጥ የሚፈስሰውን ውሃ እንደ ብልሽት ቆጥሮ በእኩለ ሌሊት ያስጠነቅቀኝ ነበር። ከዚህም በላይ ውሃ ወደ ደረቀ መስመር ሲመለስ ከፊቱ እየገፋ የሚያመጣው አየር ንባቡን ያዛባዋል። ስለዚህ በኅዳር ወር ወደ ሮቶው መውጫ እንዲዛወር አደረግሁ። በፈረቃ ለሚኖር ቤት ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሸጠልኝ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ወር ባልባከነ ነበር።

በተዛወረ በሳምንቱ፣ ሁላችንም በተኛንበት ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት፣ በየሰዓቱ 8 ሊትር ውሃ እንደሚሄድ አየሁ። መስመሮቹን አንድ በአንድ እየዘጋን ስንፈትሽ ምክንያቱ በመጸዳጃ ቤቱ የውሃ ማጠራቀሚያ ሥር ያለው ያረጀ ጎማ ሆኖ ተገኘ፤ ውሃው በመቀመጫው ግድግዳ ላይ በስሱ ስለሚወርድ ለዓይንም ለጆሮም አይታወቅም። በሰዓት 8 ሊትር ማለት በቀን 192 ሊትር፣ በወር ደግሞ ወደ 5.8 ሜትር ኩብ ማለትም ባለ 20 ሊትር 288 ጀሪካን ነው። ያ ውሃ ሮቶውን ለመሙላት በዋናው ቆጣሪ ያለፈ በመሆኑ ሒሳቡን ስንከፍል ኖረናል። ጎማው ሲቀየር የቀን ፍጆታችን ከ480 ሊትር ወደ 290 ገደማ ወረደ፤ አራት ቀን ይቆይ የነበረው ሮቶም ስድስት ቀን ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ፈረቃ ሲዘልል ጀሪካን አልገዛንም።

ሆኖም መሣሪያው ሁሉን አያይም። በመግለጫው እንደተጻፈው በትክክል መለካት የሚጀምረው በሰዓት ከ6.25 ሊትር ነው፤ ስለዚህ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል ያወቅነው በጆሯችን ነው። ደጅ የተገጠመ ከሆነ ደግሞ የደጋው ውርጭ ያሰጋዋል። በታኅሣሥ አንድ ማለዳ በቆጣሪው አጠገብ ያለው ቧንቧ በረዶ ሠርቶ ስላገኘሁት፣ ጭድ በሞላሁት ጆንያ ሸፍኜ ከላዩ ፕላስቲክ አለበስሁት፤ ከዚያ በኋላ ችግር አልገጠመኝም።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኝ ነበር። ቁጥሩ በየቀኑ መታየት ሲጀምር እናቴ ልብስ የምታጥብበትን ውሃ ሳይቀር መቀነስ ጀመረች። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው መሠረታዊ ፍላጎት በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይላል፤ የእኛ 290 ሊትር ለስድስት ሲካፈል 48 ሊትር ብቻ ነው። ከዚህ በታች መውረድ ንጽሕናን መንካት ስለሚሆን፣ የዕለት ፍጆታ ማስጠንቀቂያውን አጥፍቼ የሌሊቱን ፍሰት የሚጠብቀውን ብቻ ተውሁ።