ሙሉ ሩት ወይስ የተቆነጠረ ሥልጣን?

ደብረ ብርሃን ላይ ለአንድ ብርድ ልብስ ነጋዴ በሊኑክስ (የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) የሚሠራ ትንሽ ሰርቨር ሳዘጋጅ ይህ ጥያቄ ገጠመኝ። ዌብ ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹን ለጎብኚዎች የሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ፖርት 80 የሚባለውን የኔትወርክ በር ይፈልጋል። ሊኑክስ ደግሞ ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች እንዲሁ ለማንም አይሰጥም።

አንዱ መንገድ ፕሮግራሙን በሩት፣ ማለትም ሁሉን ማድረግ በሚችለው ዋና ተጠቃሚ ሥልጣን፣ ማስነሳት ነው። ወዲያው ይሠራል። ግን በፕሮግራሙ ቀዳዳ የገባ ሰው ማሽኑን በሙሉ ይወርሳል። ለጎተራው ቁልፍ የመጣን ሰው የግቢውን ቁልፍ ሁሉ አስጨብጦ እንደመላክ ነው።

ሌላው ኬፓቢሊቲ ነው። በፈረንጆቹ 1999 ከወጣው ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 2.2 ጀምሮ የሩት ሥልጣን ኬፓቢሊቲ ወደሚባሉ ለየብቻ የሚሰጡ ፈቃዶች ተቆራርጧል። «ካፕ ኔት ባይንድ ሰርቪስ» የሚባለውን ፈቃድ ብቻ ለፕሮግራሙ ከሰጠነው ፖርቱን ይከፍታል፤ የሌላ ተጠቃሚን የተዘጋ ፋይል ግን አያነብም። ፈቃዱ «ሴትካፕ» በሚባል ትእዛዝ የፕሮግራሙ ፋይል ላይ ይለጠፋል። ልብ በሉ፦ ፋይሉ በአፕዴት ሲተካ ፈቃዱም አብሮ ይጠፋል፤ እንደገና መስጠት ግድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ሰዓት ይለፋል።

ሁሉም ቁራጭ ግን ትንሽ አይደለም። «ካፕ ሲስ አድሚን» የሚባለው ፈቃድ ብዙ ነገር ስለታጨቀበት ከሩት ብዙም አይርቅም። እሱን የሚጠይቅ ፕሮግራም ሲያጋጥመኝ ለምን እንደፈለገው ሳላጣራ አልሰጥም። ለነጋዴው ሰርቨር የሰጠሁት የፖርቷን ፈቃድ ብቻ ነው።