ኪቦርድ ለሌለው ባንድ የትኛው የቤዝ ፔዳል ይሻላል?

ሦስት ሰው ነን። ድራም፣ ሳክስፎንና ቤዝ። ኪቦርዲስታችን የሠርግ ሥራ በዝቶለት ሄደ። አልፈርድበትም፤ አንድ ኪቦርድ ይዞ ብቻውን ሠርግ ማድመቅ የሚችል ሰው የላውንጅ ክፍያ ለአራት እየተካፈለ ምን ያደርጋል? ግን ድምፃችን ሳሳ። ሳክሱ ዜማውን እስከያዘ ድረስ ደህና ነን። ሶሎ ሲገባ ወይም ትንፋሽ ሊወስድ ሲያቆም ግን ከስር ያለነው እኔና ድራመሩ ብቻ ነን፣ መሃሉ ኦና ይሆናል። ፔዳል፣ ማለትም በእግር እየረገጡ የቤዙን ድምፅ የሚቀይሩበት ሳጥን፣ ፍለጋ የገባሁት ለዚህ ነው። ከጓደኛ ተውሼ፣ ከሙዚቀኛ እጅ ገዝቼ መልሼ ሸጬ፣ ከውጭ በሰው አስመጥቼ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ባንድ ሲሳሳ ብዙ ቤዚስት መጀመሪያ የሚያስበው ቤዙን ማወፈር ነው። ከታች የጎደለ ነገር ግን የለም፤ ቤዙም አለ፣ የድራሙ ኪክም አለ። የጠፋው ኪቦርዱ ይዞት የነበረው መሃሉ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት ፔዳል ታችኛውን ድምፅ ሳይነካ መሃሉ ላይ ሥጋ የሚጨምር ነው። ይህን ለማወቅ ፔዳሉን ሳትሰኩትም አንድ ነገር ማየት ትችላላችሁ፦ ብሌንድ የሚል ማዞሪያ አለው ወይ? ብሌንድ ንጹሑን የቤዝ ድምፅ ፔዳሉ ካሻከረው ድምፅ ጋር የምትቀላቅሉበት ነው። የጊታር ዲስቶርሽን (ድምፅ የሚያሻክር ፔዳል) ቤዝ ላይ ሲሰካ ወፍራሙ ድምፅ ድርግም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ስለሌለው ነው።

ኦክታቭ ፔዳልን ሁሉም ሰው ስለሚመክረው ከእሱ ልጀምር። የቦስ ኦሲ-2 እ.ኤ.አ. በ1982 ወጥቶ እስከ 2003 ሲሠራ የቆየ ነው፣ ዛሬም አሮጌውን የሚያሳድዱ ሰዎች አሉ። የምትመቱትን ኖታ አንድ ወይም ሁለት ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ዝቅ አድርጎ ይጨምርላችኋል። ድምፁ እንደ ሲንተሳይዘር ቤዝ ነው፣ በጣም ያምራል። ብቻችሁን ቤት ውስጥ ስትጫወቱ ከእጃችሁ አይወርድም።

ባንድ ውስጥ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። የአራት ክር ቤዝ ዝቅተኛው ኖታ፣ ሚ፣ 41 ሄርዝ ገደማ ነው። አንድ ኦክታቭ ሲወርድ 20 አካባቢ ይደርሳል፣ እሱ ደግሞ የሰው ጆሮ ጫፍ ነው። እኛ የምንሠራባቸው ቤቶች ስፒከር እንኳን 20፣ 41ዱንም በቅጡ አያወጣውም። ቢያወጣውም ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል እንጂ ዜማ አይሰማም። ፔዳሉም ራሱ እዚያ ታች ሲደርስ ኖታውን መያዝ ያቅተውና ይንተባተባል። ስለዚህ ኦሲ-2ን የምትጠቀሙ ከሆነ ከአምስተኛው ፍሬት በላይ ውጡና ተጫወቱ፤ እዚያ ንጉሥ ነው። አንድ ኖታ ብቻ ነው የሚይዘው የሚለው ቅሬታ ለእኛ ሙዚቃ ብዙም አያሳስብም። እኛ ቤዝ ላይ ኮርድ የምንይዘው ስንት ጊዜ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣው ኦሲ-5 ለእንደኛ ዓይነቱ ባንድ ይሻላል። የድሮውን ድምፅ የሚመስል ቪንቴጅ ሞድ አለው፣ ለጊታርና ለቤዝ መቀየሪያ አለው። ዋናው ግን ወደ ላይም አንድ ኦክታቭ መጨመሩ ነው። ባዶው መሃል ያለው ከቤዙ ወደ ላይ ነዋ! የላዩን ኦክታቭ ትንሽ ብቻ ከፍታችሁ ድጋሚ የሚዞር የቺክቺካ መስመር ብትጫወቱ፣ ከኋላ ኦርጋን ያለ ይመስላል። ከልክ በላይ ስትከፍቱት ግን የአሻንጉሊት ድምፅ ይሆናል፣ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ወደድኩት ልምጣ። ቴክ 21 የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ዲአይ። እኔ ጋ ያለው ሁለተኛው ቨርዥን ነው። ሲያዩት ምንም አያስደንቅም፣ ጥቁር ሳጥን ነው። ሥራው የቲዩብ አምፕን (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ ማጉያ) ድምፅ ማስመሰል ነው፤ ከንጹሕ ሙቀት እስከ ጥሩ ሽካሬ ድረስ ይሄዳል፣ ብሌንድም አለው። የመጀመሪያው ቨርዥን የመሃል ድምፅ ማዞሪያ አልነበረውም፣ ቀድሞ በተቀረጸበት ቃና ደግሞ መሃሉን ዋጥ ያደርጋል። በትልቅ ባንድ ውስጥ ያ ጥሩ ነበር፣ ለኪቦርዱና ለጊታሩ ቦታ ይለቃል። ለሦስት ሰው ግን የሚያስፈልገን ተቃራኒው ነው። ሁለተኛው ላይ ሚድ ጨምረዋል፣ 500 ወይም 1000 ሄርዝ ላይ የሚቀያየር። አሮጌውን በርካሽ የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ ይህን አስባችሁ ተደራደሩ።

እኔ 500 ላይ አድርጌ ከግማሽ ትንሽ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ድራይቩን (የሽካሬውን መጠን) ዝቅ፣ ብሌንዱን ከመሃል ትንሽ አለፍ። ሳክሱ ሶሎ ሲገባ በእግሬ እረግጠዋለሁ፣ ዜማው ሲመለስ አጠፋዋለሁ። ያ ልዩነት ራሱ ሰው የጨመርን ያስመስላል። ሁልጊዜ በርቶ ከቀረ ግን ጆሮ ይለምደውና ጥቅሙ ይጠፋል።

ሌላው ጥቅሙ ዲአይ መሆኑ፣ ማለትም ያለ አምፕ በቀጥታ ሚክሰር ላይ መሰካቱ ነው። ብዙ ቤት የቤዝ አምፕ የለም፤ ሳውንድ ማኑ ኬብል ይወረውርላችሁና በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ይሰካችኋል፣ ቤዛችሁ እንደ ስልክ ጥሪ ደረቅ ሆኖ ይወጣል። ይህ ፔዳል ግን እንደ ማይክ ኬብል በኤክስኤልአር ስለሚወጣ አምፕ ሆኖላችሁ ይሠራል። አዳፕተር ከረሳችሁ በባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ባትሪም ከሌለ ሚክሰሩ ፋንተም ፓወር (በማይክ ኬብሉ የሚላክ ኃይል) ካለው በሱ ይነሳል። ዋጋው አዲሱ ከ200 ዶላር በላይ ነው፣ ያማል። ግን አምፕም ጭምር እየገዛችሁ ነው ብላችሁ አስቡት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት ፈረንጆች አይነግሯችሁም። ኦቨርድራይቭ (ሽካሬው) ሲበራ ድምፅ ለመሙላት ሥሩን ከአምስተኛው ኖታ፣ ማለትም ዶን ከሶል ጋር አብራችሁ ምቱ ይባላል። ትዝታ ላይ ይሠራል፣ ባቲም አምባሰልም ላይ ይሠራል። አንቺሆዬ ላይ ግን አይሠራም። ከዶ ብትነሱ ያሉት ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል እና ላ ናቸው (ቤሞል ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ)፤ ሶል ራሱ የለም። ሶሉን ስትመቱ ከሶል ቤሞሉ ጋር ይጋጫል፣ ሽካሬው ደግሞ ግጭቱን ያጎላዋል። ሳክሲስቱ ዞር ብሎ ያያችኋል። እዚያ ላይ ከፋ ጋር ምቱ ወይም ኦክታቩን ብቻ ያዙ።

ቢግ ማፍ የሚባለው ፈዝ (ድምፁን በጣም የሚያሻክር ፔዳል)? ቤት ውስጥ ተራራ ነው፣ መድረክ ላይ ይጠፋል፤ ቃናው መሃሉን ጎድጓዳ ያደርገዋልና። የቤዝ የተባለው ንጹሑን ድምፅ የሚጨምር መቀየሪያ ስላለው ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ለቺክቺካ አይሆንም። የሮሃ ባንዱን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን እየሰማን ያደግን ሰዎች የእያንዳንዱ ኖታ መነሻ ጥርት ብሎ እንዲሰማ እንፈልጋለን፣ ፈዝ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው። የሄልሲንኪዎቹ ዳርክግላስ የሚሠሩት ቢ3ኬ ኦቨርድራይቭ ጥራቱ ሌላ ነው፣ ብሌንድም አለው፣ ግን ጥርሱ የሜታል ሙዚቃ ነው። ሮክ ለምትጫወቱ እሱን ውሰዱ። ኮረስ (አንዱን ድምፅ ብዙ የሚያስመስል ፔዳል) ደግሞ ለዘገምተኛ ትዝታ ደስ ይላል፣ ባዶ ግን አይሞላም።

ኪሳችሁ ካልፈቀደ ሁለት መንገድ አለ። ቤሪንገር ቢዲአይ21 የመጀመሪያውን ሳንስአምፕ የሚመስል ርካሽ ፔዳል ነው፤ ፕላስቲክ ነው፣ ትንሽ ያፏጫል፣ ሚድ የለውም። ለልምምድ ይበቃል። ዙም ቢ1 ፎር ደግሞ 100 ዶላር ገደማ ሆኖ አምስት ኢፌክት በአንዴ ያስኬዳል፣ ሉፐርም (የተጫወታችሁትን እየደጋገመ የሚያሰማ) አለው፣ መብራት ሲጠፋ በአራት ኤኤ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ጀማሪ ቤዚስት ቢጠይቀኝ መጀመሪያ እሱን ግዛ ነው የምለው፣ ኦክታቭም ኦቨርድራይቭም ሞክሮ የቱን እንደሚፈልግ ያውቅበታል። የማልወደው በጨለማ መድረክ ላይ በትንሽ ስክሪን መጎርጎሩን ነው።

ኦክታቭና ሳንስአምፕን የምታገናኙ ከሆነ ኦክታቩ ይቅደም፣ ሳንስአምፑ ይከተል። ኦክታቭ ፔዳል ንጹሕ ድምፅ ሲገባለት ኖታውን በደንብ ይይዛል፣ ከዚያ ሽካሬው ታችኛውን ድምፅ ትንሽ ስፒከር ላይ እንኳን እንዲሰማ ያደርገዋል።

ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የምታስመጡ ደግሞ አዳፕተሩን እዩት። የቦስ ፒኤስኤ-120 የ120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ካልተጻፈበት ዘመዳችሁ ፔዳሉን ብቻ ያምጣ። አዳፕተሩን እዚሁ ግዙ፦ 9 ቮልት ዲሲ፣ የመሃሉ ጫፍ ኔጌቲቭ። የራውተር አዳፕተር ቀዳዳው ልክ ቢሆንም የብዙዎቹ መሃል ፖዘቲቭ ነው፣ እንዳትሞክሩት።