መኪናዬን ልመልስ ስል ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ የጠባሴው ልጅ

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ ባለመኪናዎች፣ ይቺን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች። ግን ልጁ፣ እዚሁ ጠባሴ ሰፈር የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ማለቴ ነው፣ ምስጋናው ይገባዋል፣ ነገሩም ለእናንተ ይጠቅማል።

እኔ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ። 18 ዓመት ሙሉ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ስሸጥ የምነዳው ያው ዕቃ የሚጫንበትን ፒክአፕ ነበር። ባለፈው ሰኔ ልጆቼ «እማዬ፣ አሁንስ አንቺም ይድላሽ» ብለው ወጥረው ያዙኝ። እኔም በልቤ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነውና አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የቅንጦት መኪና ገዛሁ። ያገለገለ ቢሆንም በደንብ የተያዘ ነው። ወንበሩ ይሞቃል፣ ጣሪያው መስታወት ነው፣ የኋላ ክዳኑ ቁልፍ ሲጫን በሞተር ራሱ ይከፈታል። የማርኩንም የሻጩንም ስም አልጽፍም። የመጣሁት ለማመስገን ነው።

ችግሩ የጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ስክሪኑ «የግራ ኋላ በር ክፍት ነው» ይላል። ከፍቼ እንደገና ስዘጋው ይተወኛል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ሐምሌ ሲገባ ጋቢና ምንጣፍ ሥር እርጥበት መጣ። ጥቅምት ላይ ብርዱ ሲጠና ደግሞ አንዳንድ ጠዋት መኪናው ቁልፉን አላውቀውም ይለኝ ጀመር። ሲነሳም ዳሽቦርዱ ላይ የማይበራ መብራት የለም፤ የፍሬኑ፣ የመሪው፣ የኤርባጉ፣ የጎማው፣ ሁሉም ባንድ ላይ ቦግ ይላሉ። ትንሽ ነድቼ አጥፍቼ ሳስነሳው ግማሹ ይጠፋል።

መንገድ ላይ ግን አንድም ቀን ጥሎኝ አያውቅም። ነገሩን ከባድ ያደረገብኝም ይሄው ነው። ሞተሩ ቢነክስ ወይ ካምቢዮው ቢበላሽ ውሳኔው ቀላል ነበር። ይሄ ጥቃቅን ነገር ነው፣ ግን በየቀኑ ነው። ያን ያህል ብር አውጥታችሁ በገዛችሁት መኪና ውስጥ ጠዋት በተነሳችሁ ቁጥር «ዛሬስ ምን ይለኝ ይሆን» እያላችሁ ቁልፍ መጫን እንዴት እንደሚያደክም ያየ ያውቀዋል።

ወደ ሻጩ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። አዲስ አበባ ከእኛ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱን በአራት ስታባዙት ከ1,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በሄድኩ ቁጥር ኮምፒውተር ይሰካሉ፣ «ሴንሰር ነው» ይላሉ፣ የስህተት ኮዱን አጥፍተው ንጹሕ ዳሽቦርድ ያሳዩኛል። አመስግኜ እመለሳለሁ። ቻቻን ሳልፍም ደህና ነው፣ ደብረ ብርሃን ስገባም ደህና ነው። በነጋታው ጠዋት ግቢዬ ውስጥ ያው ነው። በአራተኛው ጊዜ አንዱ ሠራተኛ «እትዬ፣ ምናልባት የእርስዎ አነዳድ ይሆናል» አለኝ። የዚያን ቀን እስከ ቤቴ ድረስ አንጀቴ እያረረ ነው የመጣሁት።

ልመልሰው ወሰንኩ። የእህቴ ልጅ ጠበቃ ነውና አማከርኩት። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ማለትም ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሊጠይቅ እንደሚችል ነገረኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ገዢው ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይፈልጋል። «አክስቴ፣ ያኔ የበሩ ነገር ሲጀምር በጽሑፍ ነግረሻቸዋል?» አለኝ። አልነገርኳቸውም። የደወልኩት በስልክ ነው። እባካችሁ እናንተ አንድ መስመር ቴክስትም ቢሆን ላኩ፣ ቀኑ ይመዝገብ።

ሻጩ መኪናውን ልቀበልሽ አለኝ፣ ግን «ላገለገለበት» ብሎ የሚቀንሰው ብር ነበር። ብሩስ ቢመለስ ምን ልገዛበት ነው? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ዋጋው አይቀመስም። ኤሌክትሪክ ልግዛ ብል፣ እኔ አንዳንዴ በአንድ ቀን ሸዋ ሮቢት ወርጄ የምመለስ ሰው ነኝ፣ የጣርማ በርን ዳገት ስወጣ ቻርጅ እያሰብኩ መሆኑ አልታየኝም። በሌላ በኩል ዝም ብዬ ብይዘውስ? ዛሬ መብራት ነው፣ ነገ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? እንቅልፍ አጣሁ ብል አላጋነንኩም።

በመጨረሻ ሰኞ ሄጄ መመለሻውን ልፈርም ወስኜ ሳለ ሐሙስ ዕለት ከሱቄ ጎን ምግብ ቤት ያላት ጎረቤቴ «ጠባሴ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ አለ፣ ከመመለስሽ በፊት እሱ ይየው» አለችኝ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለእሷ ብዬ ሄድኩ።

ልጁ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰላሳ የማይሞላው ነው። ኮፈኑን እንኳ ከመክፈቱ በፊት «እትዬ፣ መብራቶቹ የሚበሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ሁሉ ስመላለስ ይሄንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጠዋት ነው አልኩት። «ማታ የት ያድራል? ዛፍ ሥር ነው? ጎማውን መጨረሻ የት አስነፉ? ባትሪውስ መቼ ተቀየረ?» እያለ እያንዳንዱን በደብተር ጻፈ። ከዚያ «ዛሬ ምንም አልነካውም። እዚህ ውጭ ይደር። ነገ 12 ሰዓት ላይ ይምጡ» አለኝ።

የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት ታውቁታላችሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስደርስ አመዳዩ መስታወቱ ላይ ጋግሯል፣ ልጁ ጋቢውን ደርቦ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሳላስነሳው በፊት ባትሪውን ለካ፣ 12.1 ቮልት። ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ነው የሚያሳየው። «አሁን ያስነሱት» አለኝ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲዞር ቁጥሩ 8.9 ገባ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ 14.3 ሆነ። «ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞዎ ደህና ነው፣ የደከመው ባትሪው ነው» አለኝ። ብርድ ላይ፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ባትሪ ከማስነሻ ጉልበቱ ሲሶውን ያህል ያጣል። እነዚህ መኪኖች ደግሞ ብዙ ትናንሽ ኮምፒውተሮች አሏቸው፤ ሲነሳ ኤሌክትሪኩ ሲያንሳቸው እያንዳንዱ የራሱን ስህተት ይመዘግባል። ለካስ አዲስ አበባ ስደርስ ችግሩ የማይታየው 130 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ባትሪው ስለሞላና ሞተሩ ስለሞቀ ነው! አራቱንም ጊዜ የወሰድኩላቸው የዳነ መኪና ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ባትሪ ይቀየር» ብሎ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ባትሪው ለምን እንደደከመ ፈለገ። ለካ ማታውኑ መኪናው ተቆልፎ ሳለ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚስብ ለክቶት አድሯል። አንድ ደህና መኪና ተቆልፎ ኮምፒውተሮቹ ከተኙ በኋላ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ነው መሳብ ያለበት፣ የእኔው 600 ይስብ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም ማለት ነው። የማይተኛው ደግሞ በዚያ በር ምክንያት ነው። በሩና ቦዲው መካከል ሽቦ የሚያልፍበት ጎማ አለ አይደል፣ እሱን ገልጦ አሳየኝ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሲታጠፍ ኖሮ አንዱ ሽቦ ውስጡ ተበጥሷል። ሲነካካ ይገናኛል፣ ሲለቀቅ ይለያያል። መኪናው በሩ ክፍት ነው ብሎ ስለሚያምን ነቅቶ ያድራል።

በዓይኔ እያየሁ ደረቴ ቀለለኝ። ስድስት ወር «ሴንሰር» የተባልኩት ነገር የክር ያህል የምትቀጥን ሽቦ ናት።

ባትሪውም ራሱ ትክክለኛው አልነበረም። የእኔ መኪና ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩ ራሱ የሚጠፋ ዓይነት ስለሆነ ኤጂኤም የሚባል ባትሪ ነው የሚፈልገው። ከመሸጡ በፊት አንድ ሰው ተራ ባትሪ አስገብቶበታል። ሲቀየርም ለመኪናው ኮምፒውተር አዲስ ባትሪ መግባቱ መነገር አለበት፣ አለዚያ እንደ አሮጌው እያሰበ ይሞላዋል። ያገለገለ የቅንጦት መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የባትሪውን ዓይነት ኮፈን ከፍታችሁ እዩ። በአንዳንዱ ኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ሥር ነው።

ሌላው ቀላል ነበር። እርጥበቱ ከጣሪያው መስታወት የሚመጣ ነው። በአራቱ ማዕዘን የዝናብ ውሃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። እኔ የማቆመው ባሕር ዛፍ ሥር ነው፣ ቅጠሉና አቧራው የፊቱን ቱቦ ደፍኖታል። በለስላሳ ናይለን ገመድ ቀስ ብሎ ጠረገው። በኮምፕረሰር በኃይል እንዳታስነፉት፣ ቱቦው ውስጥ ለውስጥ ይነቀላል ብሏል። የጎማው መብራት ደግሞ ሸዋ ሮቢት በቀትር ሙቀት ስላስነፋሁት ነው። የጎማው ግፊት በየ10 ዲግሪው ብርድ ወደ 2 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያው ነው) ገደማ ይወርዳል፣ ጠዋት እኛ ጋ ሲነቃ ጎማው ጎሏል። በሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር መሠረት ጠዋት በብርዱ ሞላው፣ አለቀ።

እንግዲህ አሁን የማመሰግንበት ዋናው ነገር። ሽቦውን ቀጠለልኝ፣ ቱቦውን ጠረገልኝ። ባትሪውን ግን አልሸጥልዎትም አለኝ። መሸጥ ይችል ነበር፣ አትርፎ ማለት ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ እገዛው ነበር። «እትዬ፣ ይሄ የሻጩ ዕዳ ነው፤ ያልሆነ ባትሪ ያለበት መኪና ነው የሸጠልዎት» ብሎ በአንድ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የለካውን ቮልትና አምፔር ሁሉ ጽፎ፣ ፎቶውን አያይዞ ሰጠኝ። «ልመልሰው ወይስ ልያዘው?» አልኩት። የመለሰልኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ፦ «እሱን እርስዎ ነዎት የሚወስኑት። እኔ ሞተሩና ካምቢዮው ላይ ያየሁት ችግር የለም። የኋላ ክዳኑ ሞተር ግን ደክሟል፣ እሱ ላይ አልዋሽዎትም። ሦስት ሳምንት ይንዱት። ከእነዚህ መብራቶች አንዱ እንኳን ከተመለሰ ይመልሱት፣ ያኔም ወረቀቱን እኔ እጽፍልዎታለሁ።»

ሰኞ ለመፈረም አልሄድኩም። ወረቀቱን ለሻጩ ላክሁ፣ በዚህኛው ጊዜ በጽሑፍ። ሁለት ቀን ዝም አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ደውለው ኤጂኤም ባትሪ እንሰጣለን አሉ፣ ሰጡም። ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ፊት ስለ አነዳዴ ያነሳ ሰው አልነበረም። ልጁ ገጠመልኝ፣ ለኮምፒውተሩም አስመዘገበው።

አሁን ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። አንድ መብራት አልበራም። ባለፈው እሑድ እናቴን ይዤ በጣርማ በር ዋሻ አልፌ ደብረ ሲና ወርጄ ተመለስኩ፣ ጉሙ እንዳለ ነበር፣ እናቴ ወንበሩ ሞቆላት እንቅልፍ ወሰዳት። የኋላ ክዳኑ አሁንም እየተንቀራፈፈ ነው የሚከፈተው፣ እሱን ሳሰራው አያለሁ። መኪናውን ግን አልመልስም።

ለሁለት ቀን ሥራ የጠየቀኝ ብር ለአንድ የአዲስ አበባ ምልልስ ከማወጣው ነዳጅ ያነሰ ነው። ልጨምርልህ ብለው እምቢ አለ። እህቶቼ፣ በተለይ እናንተ፤ ጋራዥ ስትገቡ «እሷ ምን ታውቃለች» ተብላችሁ ለተመለሳችሁ፣ ይሄ ልጅ እያንዳንዱን ነገር እያሳየ፣ ማሳው (የባትሪው ኔጌቲቭ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት) የት እንደታሰረ፣ ፊውዙ የቱ እንደሆነ በእጄ እያስነካኝ ነው ያስረዳኝ። ተከብሬ ነው የወጣሁት።

ጉድለቱንም ልናገር። ቦታው ጠባብ ነው፣ ሁለት መኪና ከገባ ሦስተኛው መንገድ ላይ ይቆማል። ሥራ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሳም። ቸኩሎ የመጣ ሰው ይናደድበታል፣ ምክንያቱም ሳይለካ አይናገርም። ሞተር አያወርድም፣ ካምቢዮ አይነካም፣ የማይችለውን አልችልም ይላል። እሱ የኤሌክትሪክ ሰው ነው።

ስሙንና ስልኩን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ ሰው ከበዛበት ሥራው ይበላሻል ብሎ ስለሚሰጋ። ጠባሴ ገብታችሁ «የመኪና ኤሌክትሪኩ ልጅ» ካላችሁ የማያሳያችሁ የለም፣ በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። የሕንፃ መሣሪያዋ ሴትዮ ላከችኝ በሉት። ችግሩ ጠዋት የሚታይ ከሆነ መኪናችሁን ማታውኑ አሳድሩለት፣ ካልሆነ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ከዚያ በኋላ ወረፋ ነው።